ዮፍታሄ ያልሰማው ንግግር

ኪሩቤል አዳራሹ ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማጨብጨብ ነበር። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጧ ጧ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና "ጥሩ አዳራሽ ነው" አለ፣ ሕንፃውን ራሱ የሚያመሰግን ይመስል። ከድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ከሚክሰሩ ኋላ ገመድ ሲጠቀልል የነበረው ዮፍታሄ በዚያችው ጭብጨባ ጠላው። ሰው በሁለት ጭብጨባ ይጠላል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይጠላል። በተለይ ያጨበጨበው እጅ ዞሮ የሚያርፈው በምትወዳት ልጅ ትከሻ ላይ ሲሆን።

"ፍሬሕይወት፣ እስቲ መድረኩ ላይ ውጪ" አላት ኪሩቤል ትከሻዋን በጣቶቹ ጫፍ ወደፊት ገፋ አድርጎ። "እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት።"

ፍሬሕይወት ወጣች። ስትወጣ ወደ ሚክሰሩ አየት አደረገችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ያቺ ቶሎ መመለሷ ለዮፍታሄ አላመለጠችውም። ቅናት የያዘው ሰው የማያየው ነገር የለም፤ ካየው ውስጥ ግን አንዱንም በትክክል አያየውም። ዮፍታሄም ከሳምንት ወዲህ እንዲህ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ በዚሁ በሐይቅ ዳር ሆቴል የፍሬሕይወት አባት አቶ ገብረየስ ከሠላሳ ስምንት ዓመት መምህርነትና ዳይሬክተርነት በኋላ በጡረታ ይሰናበታሉ። ያስተማሯቸው ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ ነጋዴዎችና ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ተጠርተዋል። ቤተሰቡን ወክላ የምትናገረው ብቸኛ ልጃቸው ፍሬሕይወት ናት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሬሕይወት ሰው ፊት መናገር አትችልም። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ጽሑፍ እንድታነብ ተማሪው ሁሉ ፊት ጠሯት። ወጣች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። እቤት ሲገቡ አልተቆጧትም፣ አላጽናኗትም። ከዚያ ወዲህም ተናገሪ ብለዋት አያውቁም። ከሁሉም የጎዳት ይኼ ዝምታቸው ነበር።

ኪሩቤልን ከሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ የጠሩት እናቷ ወይዘሮ የሺ ናቸው። የአቶ ገብረየስ የድሮ ባልደረባ ልጅ ነው፤ የባንክ ሥራ አስኪያጆችን ንግግር በማሠልጠን ስም ያወጣ፣ ቁመናው ያማረ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚስቅ ሰው። ወይዘሮ የሺ "ለልጄ የንግግሩን ቁልፍ አሳይልኝ" ብለው ጠሩት ይባል እንጂ፣ ልባቸው ውስጥ ከንግግር ያለፈ ሐሳብ እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዮፍታሄም ያውቃል። እንቅልፍ የነሳውም ይኼው ነው።

ዮፍታሄና ፍሬሕይወት የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ ነው። ፍሬሕይወት መሃል ከተማ ባለ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። በአንድ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ሳታስበው "ሁለት ደቂቃ ተናገሪ" ተባለችና መድረክ ላይ ቆመች። ያው የሰባተኛ ክፍሉ ሆነ። ዮፍታሄ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለነበር ወረቀቷ ሲንቀጠቀጥ በማይኩ በኩል ይሰማዋል። አንጀቱን በላችው። ስፒከሩን ሆነ ብሎ ጆሮ እስኪበሳ አስጮኸውና ማይኩን ዘጋ፤ ከዚያ እጁን አንስቶ "ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር ነው!" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን አየ፤ አንዳንዱም ሰደበው። እሷ ወርዳ ተቀመጠች። መፍራቷን ማንም አላወቀም።

ስብሰባው ሲያልቅ ቀጥ ብላ ወደ ሚክሰሩ መጣች።

"ማይኩ አልተበላሸም አይደል?"

"አልተበላሸም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ወረቀትሽ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት።"

በሌላ ቀን ደግሞ "መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ስታወሪ ትውያለሽ፣ እዚያ ለምን አትፈሪም?" ሲል ጠየቃት። "እዚያ እኮ ፊቴ የሚቆመው አንድ ሰው ነው" አለችው። "እዚህም አንድ ሰው ነው" አላት። "ሁለት መቶውን እርሺው። አንዱን ምረጪና ለእሱ ብቻ ንገሪው፣ ሌላው ራሱ ይሰማል።" ይህን ማንም አላስተማረውም። በቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራኑ ጋር ሥራውን ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ዘጠኝ ዓመት ከሚክሰር ኋላ ተቀምጦ የሰባኪውን፣ የባለሥልጣኑን፣ የሚዜውን ንግግር ሲሰማ ኖሯል። ለሁሉም የሚናገረውን ማንም እንደማይሰማው፣ ለአንድ ሰው የሚናገረውን ግን አስተናጋጁ እንኳ ትሪውን ይዞ ቆሞ እንደሚያዳምጠው በዓይኑ አይቷል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም ሲያልቅና ወንበሩ ሲነሳ ፍሬሕይወት ባዶው መድረክ ላይ ትቆማለች፤ ዮፍታሄ ከኋላ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ተናገረች። ቀጥላ ስለ ልጅነቷ ተናገረች። አንድ ቀን ደግሞ ማይኩ እንደተከፈተ "እወድሃለሁ" አለችው፤ ስፒከሮቹ ሁሉ ተቀባበሉት። ግን ፍቅራቸው ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልብስ የምትሰፋ የሲዳማ እናት ልጅ፣ ጴንጤ፣ ገመድ ጎታች። እሷ የታወቁት የአቶ ገብረየስ ልጅ፣ አባቷ ቅዳሴ የማያጓድሉ። "ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ" ስትል ሁለቱ ዓመት አለቀ።

አሁን ደግሞ ይኼ ባለ ጭብጨባ መጣ።

"እጅሽ ከወገብሽ በላይ ይሁን" ይላል ኪሩቤል መድረኩ ሥር እየተንጎራደደ። "አንድ ሐሳብ ስትጨርሺ ዝም በይ። አትቸኩዪ፣ ሰው ዝም የሚልን ሰው ያከብራል። የታላቅ ተናጋሪ ቁልፉ ዝግጅት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቅመም ነው።" ወደ ኋላ ዞረና "የማይኩ ወንድማችን፣ ድምፁን ትንሽ ወፈር አድርግላት" አለ። ዮፍታሄ ወፈር አደረገላት። ምን ያድርግ?

በመጨረሻ ፍሬሕይወት የጻፈችውን ንግግር ለኪሩቤል ሰጠችው። ኪሩቤል ቆሞ አነበበ። የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወረቀቱን አጥፎ ሲመልስላት "በርቺ" ብቻ አላት፣ በለሰለሰ ድምፅ። ዮፍታሄ ገመዱን ጣለና ወደ መድረኩ ሄደ።

"እኔስ ልየው?"

"አንተ አይሆንም" አለች ፍሬሕይወት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ። "አንተ ማየት የለብህም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀችው አንዲት ቃል አልነበረችም። ዮፍታሄ ወደ ገመዱ ተመልሶ የጠቀለለውን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ።

* * *

አርብ ከሥራ በኋላ ሐይቁ ዳር ተገናኙ። ዛፉ ላይ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ የሐይቅ ዳር ወፎች፣ ተደርድረዋል። ከሥራቸው ሰው ይተላለፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይስቃል። ሁለቱ ብቻ የተቀመጡበት ድንጋይ የቆረቆራቸው ይመስላሉ።

"ወረቀቱን አይቶታል" አለ ዮፍታሄ።

"ማን?"

"ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"ኪሩቤል? የሚያሠለጥነኝ እኮ እሱ ነው። ሳያየው እንዴት ያርመኛል?"

"እኔስ ምንሽ ነኝ?"

ፍሬሕይወት ተነፈሰች። "እንዲህ አትበለኝ።"

"ሦስት ጊዜ እቤታችሁ ራት በልቷል።"

"ቆጥረሃል እንዴ?"

"አዎ፣ ቆጥሬያለሁ። ቅዳሜ ከአባትሽ ጎን የፊት ወንበር ተይዞለታል። እሱንም አውቃለሁ፣ የወንበሩን ስም ዝርዝር ያተምነው እኛ የሆቴሉ ሠራተኞች ነን። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤታችሁን በር እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም።"

"ቅናትህ ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር" አለች ፍሬሕይወት ቀስ ብላ። "እንደምትወደኝ አውቅበት ነበር። አሁን ግን ያስፈራኛል። የማላውቀውን ሰው ነው የሚያመጣብኝ።"

"ላስፈራሽ አይደለም የመጣሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ተናገርሽ። ለአባትሽ ግን ስሜን አንድ ቀን ጠርተሽላቸዋል? ንገሪኝ እስቲ፣ አንድ ቀን?"

ይህን ሲል ፍሬሕይወት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። እንባዋ መጣ፣ ግን አልወረደም። "ልክ ነህ" አለችና ተነሳች። "በዚህኛው ልክ ነህ።" ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ዮፍታሄ እንድትከራከረው ነበር የፈለገው፤ "ልክ ነህ" ስትለው ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት አብራት የምትሠራው ምሕረት ሆቴሉ ድረስ በባጃጅ መጥታ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠችው። "ስልክ እያለ ደብዳቤ?" ብላ ሳቀችበትና ሄደች። የፍሬሕይወት እጅ ጽሑፍ ነው።

"ዮፍታሄ፣ ዛሬ መድረክ ላይ ስቆም ወደ አንተ አላይም። አንተን ካየሁ የምናገረውን አልጨርሰውም። አትቀየመኝ። ለምን እንደሆነ በገዛ ጆሮህ ትሰማለህ። ከዚያ በኋላ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። ፍሬሕይወት።"

እርስዎ አንባቢዬ ተረጋግተው ስለሚያነቡት ምን ለማለት እንደፈለገች ምናልባት ገብቶዎት ይሆናል። ዮፍታሄ ግን ጤነኛ አልነበረም። ወረቀቷን ደጋግሞ አነበባት፤ በእያንዳንዱ ንባብ ኪሩቤል እየተጠጋ፣ እሱ እየራቀ ሄደ። "ወደ አንተ አላይም" የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "አትቀየመኝ" የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ መሰናበቻ ሆኑበት። ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ ስፒከሮቹን ሊፈትሽ ተነሳ። "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ሲል የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማው።

* * *

ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ገብረየስ ጋቢ ለብሰው፣ የፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በግራቸው ወይዘሮ የሺ፣ በቀኛቸው ኪሩቤል። ተማሪዎቻቸው እየተነሱ ተናገሩ። አንዱ ሐኪም ጥፍሩ ቆሽሾ ከሰልፍ እንዳስወጡት ሲናገር ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ መድረክ መሪው "ቤተሰቡን በመወከል፣ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ገብረየስ" አለ።

ወጣች። ዮፍታሄ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ወረቀቷ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አዳመጠ። ወረቀት አልያዘችም።

"አባዬ" አለች።

የምታየው ወደ ፊት ወንበር ነው። ወደ መሃሉ ነው። ከዚያ ከኋላ ሲታይ አባቷና ኪሩቤል ትከሻ ለትከሻ ስለሆኑ ዓይኗ የትኛው ላይ እንዳረፈ አይታወቅም። ዮፍታሄ ግን ያወቀ መሰለው።

"ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሰው ፊት ጠርተውኝ ድምፄ ጠፋ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እርስዎ አነበቡት። እኔን ከኀፍረት ሊያድኑኝ ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁ። ያኔ ግን ድምፄን ይዘውብኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኩዎትም። ብዙ ነገር ሳልነግርዎት ነው የኖርኩት አባዬ።"

ትሪ የያዘች አንዲት አስተናጋጅ መድረኩ አጠገብ ቆመች። ዮፍታሄ በሕይወቱ ከሰማቸው ንግግሮች ሁሉ እንዲህ ያለ አልሰማም። ደረቱ በኩራት ሞላ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ይህ ሁሉ ለሌላ ሰው ጌጥ መሆኑ ትዝ ሲለው ኩራቱ መረረው።

"ድምፄን መልሼ እንዳገኘው የረዳኝ አንድ ሰው አለ" አለች ፍሬሕይወት። "እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። ስሙን ዛሬ እርስዎ ፊት፣ በሁሉም ሰው ፊት ልጠራው..."

ኪሩቤል ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ወይዘሮ የሺ ፈገግ አሉ።

ዮፍታሄ ያን ስም በገዛ ስፒከሩ፣ በገዛ እጁ አስተካክሎ ባወፈረው ድምፅ ሊሰማው ነው። አልቻለም። እጁ ተነሳና የማይኩን መቆጣጠሪያ ወደ ታች ሳበው።

ስፒከሮቹ ሞቱ። ፍሬሕይወት ግን አላቆመችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጇ ደረቷ ላይ ነው፣ ድምፅዋ የፊት ወንበሮቹ ጋ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ዮፍታሄ ጋ የደረሰው የአየር ማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ከዚያ አቶ ገብረየስ ዞረው አዩት። ወይዘሮ የሺ ዞሩ። ኪሩቤልም ዞረ። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ እሱን ያየዋል።

ድምፅ ሲጠፋ ሰው ዞሮ የሚያየው ባለ ሚክሰሩን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲያዩት ኖሯል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ። አንገቱን ደፍቶ የተበላሸ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ገመዱን መነካካት ጀመረ። እስኪበቃው ከነካካ በኋላ ድምፁን መልሶ ከፈተው። ቀና ሲል ፍሬሕይወት ንግግሯን ጨርሳ እሱን ታየዋለች።

"አመሰግናለሁ" አለች በመጨረሻ። ማይኩ ድምፅዋ ሲሰበር በደንብ አሰማ። ጭብጨባው እየተንጠባጠበ መጣ፣ እየተንጠባጠበም አለቀ። ዮፍታሄ ማዳመጫውን አወለቀ። እረፍት ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተሰማው ግን ፍርሃት ነው።

* * *

ኬክ ሲቆረስ ኪሩቤል ወደ ሚክሰሩ መጣ። አልሳቀም።

"ወንድሜ፣ እውነት ለመናገር ቅር ብሎኛል" አለ። "ወይዘሮ የሺ ያሰቡትን እኔም አስቤው ነበር፣ አልዋሽህም። ሐሙስ ዕለት ስምህን ወረቀቱ ላይ ሳነብ ግን ተውኩት። አንተ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልመሰልከኝም ነበር።"

"የማን ስም?"

"ያንተ ነዋ!"

"የእኔን ስም?"

ኪሩቤል አተኩሮ አየው። "አልሰማህም? ስምህን ጠርታ፣ ባለ ሚክሰሩ ነው ብላ ለአባቷ ነገረቻቸው እኮ። እኔ ስንት ዓመት ንግግር ሳሠለጥን እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየህ። አንተ አንገትህን ደፋህ።"

"ምን አለች? ቃሉን፣ ቃሉን ንገረኝ።"

"እሱን ከእኔ አትሰማም" አለ ኪሩቤል። "የእኔ ቢሆን ደስ ባለኝ።" ትቶት ሄደ።

ፍሬሕይወትን በረንዳው ላይ አገኛት። ምሕረት ይዛት ነበር፤ እሱን ስታይ ገላምጣው ገባች። ዮፍታሄ ያለ የሌለውን ቃል ሁሉ አንድ ላይ አፈሰሰው። ደብዳቤውን፣ ወንበሩን፣ ቅናቱን። ማይኩን ሲዘጋ የኪሩቤል ስም ሊጠራ መስሎት እንደነበር ነገራት።

ፍሬሕይወት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ዓይኗን ጠረገችና "የዛሬ ሁለት ዓመት ማይኩን የዘጋኸው ልታድነኝ ነበር" አለች። "ዛሬ ከምን ልታድነኝ ነው?"

ዮፍታሄ ደብዳቤዋን ከኪሱ አውጥቶ "ወደ አንተ አላይም" የሚለውን አሳያት።

"አንተን እያየሁ መናገርማ ቀላል ነው። አንተ ሳልናገርም ትሰማኛለህ። ፊት ለፊት አይቼው መናገር የነበረብኝ የምፈራውን ሰው ነው። አባዬን። አየኋቸው፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ዞረው ሲያዩህ አቀረቀርክ። ስወርድ ምን አሉኝ መሰለህ? 'ልጄ፣ ይኼ ሰው አፍሮብሻል' አሉኝ።"

"ፍሬ፣ በእናቴ..."

"ለእኔ አትንገረኝ!" ድምፅዋ በረንዳውን አልፎ ሄደ። "ለእኔማ ሁለት ዓመት ነገርከኝ። ለእሳቸው ንገራቸው።"

ትናንት ሐይቁ ዳር የወረወረው ቃል ዞሮ ራሱን መታው። ይገባው ነበር፤ ስለገባውም ይበልጥ አመመው።

* * *

መድረክ መሪው "ፕሮግራማችንን ከማጠናቀቃችን በፊት የመጨረሻ አስተያየት ያለው?" ሲል አንድ ሰው በወንበሮቹ መሃል ወደፊት ሲሄድ ታየ። ባለ ሚክሰሩ ነው። ሰው ገመድ ሊያስተካክል መስሎት እግሩን ሰብሰብ አደረገለት። ዮፍታሄ ግን መድረኩ ላይ ወጣና ማይኩን ከመድረክ መሪው እጅ ተቀበለ።

ከዚህ ወደዚያ ሲታይ አዳራሹ ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያየው የሰው ጀርባ ነበር፤ አሁን የሚያየው ሁሉ ዓይን ነው። ፍሬሕይወትን ፈለጋት። በሩ ላይ ቆማ አገኛትና እሷን እያየ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወውና የሚፈራቸውን ሰው አየ።

"ጋሼ" አለ። "ቅድም ማይኩ አልተበላሸም። መብራትም አልተቋረጠም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ሹክሹክታ ተነሳ። አቶ ገብረየስ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አዳራሹ ሙሉ ዝም አለ። እሳቸው ማይክ አያስፈልጋቸውም።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"የምትጠራው የሌላ ሰው ስም መስሎኝ ነበር። የእኔ ሆኖ ተገኘ። በራሴ ነው የቀናሁት ጋሼ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ያ ሐኪም ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። አቶ ገብረየስ ብቻ አልሳቁም። ፍሬሕይወትም አልሳቀችም።

"ያቀረቀርኩት በእሷ አፍሬ አይደለም፤ ጥፋቴን እየደበቅሁ ነበር። እኔ ገመድ የምስብ ሰው ነኝ። እናቴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ቤተ ክርስቲያናችንም ከእናንተ ይለያል። ይህን ሁሉ ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ልጅዎን እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት ለእሷ ብቻ ስነግራት ኖርኩ፤ ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው።"

ከሚክሰሩ ኋላ ማንም ስላልነበረ የሚያድነው አልነበረም።

አቶ ገብረየስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሲናገሩ እንደ ድሮው እንደ ዳይሬክተር ነው።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ጥፋተኛ ተማሪ ቢሮዬ ሲገባ ኖሯል። መስኮት የሰበረ ሁሉ ነፋስ ነው ይለኛል። ሳልጠራው መጥቶ 'እኔ ነኝ' ያለኝን በአንድ እጅ ጣት እቆጥረዋለሁ። ሽማግሌ ላክ። እሺ አላልኩህም፣ ልብ አድርግ። ስለ ሃይማኖቱም ስለ ሁሉም ብዙ የምንነጋገረው አለ። እሰማለሁ ነው ያልኩህ። ስትልክ ግን ማይክ የማይነካ ሰው መርጠህ ላክ።"

ሳቁና ጭብጨባው አንድ ላይ ተነሳ። ወይዘሮ የሺ አላጨበጨቡም፤ ኪሩቤልን በጎን አይተው ተነፈሱ። ዮፍታሄ እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። በሩ ጋ ሲደርስ ፍሬሕይወት እዚያው ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ቁጣዋ ግማሹ ሄዶ ግማሹ እንዳለ ያስታውቃል። እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ ያዘችው። አጥብቃ ነው የያዘችው።

"ይቅር በይኝ።"

"እያልኩህ ነው" አለች። "ቀስ እያልኩ።"

"ምን ነበር ያልሽው? ያን ጊዜ፣ ማይኩ ሲዘጋ። ድገሚልኝ።"

"አልደግመውም።"

"መቼም?"

"መቼም። ያን ቃል ለመናገር አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል ዮፍታሄ። አንድ ጊዜ ወጣ፣ አለቀ። ሌላ ቃል እነግርሃለሁ፣ ዕድሜ ልክ እነግርሃለሁ። ያንን ግን አላገኘውም።"

ይህን ስትል ልትቀጣው አልነበረም። እውነቷን ነበር። እሱም ያወቀው ይኼኔ ነው።

ሰው ከአዳራሹ መውጣት ጀመረ። አንዲት ሽማግሌ መምህርት በአጠገቡ ሲያልፉ ጉንጩን ዳሰስ አድርገው "ታድለህ!" አሉት። ሐኪሙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ባለ ትሪዋ አስተናጋጅ ፍሬሕይወትን አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ፈገግ አለች። እነዚህ ሁሉ ሰምተውታል። ዮፍታሄ የፍሬሕይወት እጅ እጅጌው ላይ እንዳለ አንድ በአንድ ሲያልፉ አያቸው። በሕይወቱ በማንም ላይ እንደዚያ አጥብቆ ቀንቶ አያውቅም።